ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት ሕክምና፦ ወጪውን የሚከፍለው፣ ውሳኔውንስ የሚወስነው ማን ነው?

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የስምንት ወር ልጅ ግን አይተርፍም» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ሰው ጥቂት ነው። ሕክምናው የሚያውቀው እውነት የዚህ ተቃራኒ ነው። ጽንሱ በማህፀን በሚቆይበት በእያንዳንዱ ሳምንት ሳንባው ይበስላል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይጨምራል፣ መጥባትንና መዋጥን ከመተንፈስ ጋር የማስተባበር ችሎታው ይጎለብታል፤ ስለሆነም በስምንተኛው ወር የተወለደ ሕፃን በሰባተኛው ወር ከተወለደው የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው። አባባሉን ያነሣሁት የቆየ እምነትን ለመንቀፍ አይደለም። የስምንት ወር ልጅ ሲሞት «ድሮስ ሊተርፍ ነው?» ተብሎ እንዲታለፍ ስለሚያደርግና ሞቱ የደረሰው በብርድ፣ በወተት እጦት ወይም በኦክስጅን እጦት መሆኑን ስለሚሸፍን ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ሆስፒታሎች ስለ እነዚህ ሕፃናት በየቀኑ ከባድ ውሳኔዎች ይወሰናሉ፤ አብዛኞቹ ግን ውሳኔ ተብለው አይጠሩም፣ አይጻፉም፣ ማን እንደወሰናቸውም አይታወቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜው ተወለደ የሚለው 37 የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላው የተወለደውን ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ እንደተወለዱ ይገመታል፤ ከ10 ወሊዶች 1 ገደማ ማለት ነው። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሞት ቀዳሚው ምክንያትም ከዚሁ የሚመጣው ችግር ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ5 ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166 የነበረ ሲሆን በ2019ኙ አገር አቀፍ ጥናት ወደ 59 ወርዷል። ይህ ክትባትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት ያስገኙት ትልቅ ውጤት ነው። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን በ2000 ከ1,000 ውስጥ 49 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 29 ወረዱ፤ በ2019 ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ። በ29 እና በ33 መካከል ያለው ልዩነት ከናሙና አወሳሰድ ሊመጣ ስለሚችል ሞቱ ጨምሯል ለማለት አያስደፍርም፤ መቀነሱ ቆሟል ለማለት ግን ይበቃል። ዛሬ ከ5 ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ናቸው።

ስለ እነዚህ ሕፃናት ሕክምና ወጪና ሥነ ምግባር የሚደረገው ክርክር የተጀመረው በሀብታም አገሮች ነው። በጃፓንና በስዊድን በ22 ሳምንት የተወለዱ ሕፃናት እንኳ ይታከማሉ፤ የሚነሣው ጥያቄም ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ሕፃን ለወራት በመሣሪያ ማቆየት ለእርሱ ደግነት ነው ወይስ ሥቃይ ማራዘም፣ ለዚህ የሚወጣውስ ገንዘብ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ያለጊዜው መወለድ በ2005 ብቻ አገሪቱን ቢያንስ 26.2 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአንድ ሕፃን በአማካይ 51,600 ዶላር እንዳስወጣት አስልቷል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ የእኛ ሰው «ይህማ ለእኛ አቅም አይደለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስህተቱ የሚመጣው የ23 ሳምንቱን ሕፃን ዋጋ ወስደን በ32 ሳምንቱ ሕፃን ላይ ስንለጥፈው ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ማሞቂያ ክፍል (የጨቅላ ሕፃናት መታከሚያ) ገብተው ከሚሞቱት ብዙዎቹ በሌላ አገር ማንም የማይከራከርባቸው፣ በቀላል እንክብካቤ የሚያድጉ ሕፃናት ናቸው።

በኦገስት 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው 5 ሳምንት ተኩል ቀድሞ፣ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ መዝኖ ተወለደ። አባቱ የኃያል አገር መሪ፣ በዙሪያው ያሉት ሐኪሞች የዘመኑ ምርጦች ሆነው ሳለ፣ ሳንባው ስላልበሰለ በ39 ሰዓቱ አረፈ። ያን ጊዜ ሕክምናው ራሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሳንባን የሚያበስለው መርፌ ለእናትየው ከወሊድ በፊት መሰጠት ጀመረ፤ በአፍንጫ በኩል ያልተቋረጠ የአየር ግፊት እየሰጠ ሳንባ እንዳይከደን የሚያደርገው ሲፓፕ ተፈለሰፈ፤ ሳንባ ውስጥ የሚጨመረው ሰርፋክታንት የተባለው መድኃኒትም መጣ። ዛሬ በባቢሌ ወይም በጉርሱም በ34 ሳምንቱ የሚወለድ ሕፃን በፓትሪክ ሕመም ቢሞት፣ ምክንያቱ የሕክምና ዕውቀት አለመኖር ነው ሊባል አይችልም።

ሕፃናቱን የሚገድላቸው ምን እንደሆነ በአገራችን በሚገባ ተጠንቷል። በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ በሚገኙ 5 ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት ሳንባቸው ባለመብሰሉ በሚመጣ የመተንፈስ ችግር ሲሆን፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመታፈን ነው። ወደ ማሞቂያ ክፍል ከገቡት ውስጥ 28 ቀን ሳይሞላቸው የሞቱት 29 በመቶ ነበሩ። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ስናያቸው መፍትሔያቸው ውድ የሆነው ጥቂቱ ነው፤ ኢንፌክሽንን የሚከላከለው በአብዛኛው የታጠበ እጅና የእናት ወተት ነው፤ የመተንፈስ ችግሩንም ቢሆን ኦክስጅን፣ ሲፓፕና ሌት ተቀን ዐይኑን የማይነቅል ነርስ ካለ ብዙዎቹ ይሻገሩታል።

ከሁሉ ርካሽ የሆነው ሙቀት ነው፤ በእኛ አካባቢ ይህን ለማስረዳት ልዩ ችግር አለ። ድሬዳዋ ሞቃት ከተማ ስለሆነች ብርድ ሕፃን ይገድላል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ነገር ግን 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ራቁቱን ሆኖ ጉልበቱን ሳይጨርስ ሙቀቱን ጠብቆ እንዲቆይ 35 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ አየር ያስፈልገዋል። እኛን የሚያልበን ክፍል ለእርሱ፣ ያውም ከሽርት ውሃ እርጥበቱ ሳይደርቅ፣ ብርድ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሲወርድ ስኳሩ ይወርዳል፣ አተነፋፈሱ ይዳከማል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሪፈር ሲባል ደግሞ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ከ1,800 ሜትር በላይ ወደሆነው ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በጋቢ ተጠቅልሎ በአያቱ ክንድ ላይ የሚጓዝ ሕፃን አወዳይን ሲያልፍ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ሆስፒታል ሲደርስም ከመጣበት ሕመም ሌላ አዲስ ሕመም ይዞ ሊገኝ ይችላል። በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ ቢጓዝ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይኸው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያው ለሕፃናቱ ቁጥር አልበቃ ሲል ሁለት ሐኪሞች እናቶችን ማሞቂያ ባደረጉበት ጊዜ ነው። ለረጅም ጊዜ የድሃ አገር ማካካሻ ተደርጎ ሲታይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ከወሊድ በኋላ ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀጣዩ ዓመት መመሪያውን በዚሁ መሠረት ለወጠ። ዛሬ ይህ እንክብካቤ ለድሃውም ለሀብታሙም ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ይሁን እንጂ «ርካሽ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ልንጠቀምበት ይገባል፤ ምክንያቱም የካንጋሮ እንክብካቤ ርካሽ የሚሆነው ለሆስፒታሉ እንጂ ለእናቲቱ አይደለም። የምትሠራውን በቅርብ ላየ ሰው ድካሙ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ በነጠላ ደረቷ ላይ አስራው ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ጡቷን በእጇ አልባ በትንሽ ኩባያ ትይዛለች፤ ነርሷ በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የሲሪንጅ ቀፎ ሰክታ 5 ወይም 8 ሚሊ ሊትር ወተት ታፈስበታለች፤ ሲሪንጁ ከፍ ተደርጎ ይያዝና ወተቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አይገፋም። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። 20 ግራም ከጨመረ ክፍሉ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ከቀነሰ እናትየው የራሷን ምግብ ትመረምራለች። በቤቷ ብትሆን ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት የምትታረስ ሴት፣ ኦፕሬሽን ሆና ከሆነም ቁስሏ ሳይደርቅ፣ ይህን ለሳምንታት ትሠራለች። ሆስፒታሉ እርሷን አንዴ «ወጥታለች» ብሎ መዝገቧን ስለሚዘጋው ብዙ ጊዜ የራሷ አልጋና ምግብ የላትም።

እንግዲህ ወጪው የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። በመመሪያ ደረጃ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ይህ መልካም ፖሊሲ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ይሆን ነበር። በተግባር ግን በሆስፒታሉ ፋርማሲ ያልተገኘውን መድኃኒት አስታማሚው «ከውጭ ግዛ» ተብሎ በወረቀት ይቀበላል። አንቲባዮቲኩ፣ በደም ሥር የሚገባው ካኑላ፣ የመመገቢያ ቱቦው፣ በግል ላቦራቶሪ የሚሠራው የደም ምርመራ፣ ሁሉም በየተራ ይመጣል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ አገር የሚገባው መድኃኒትና ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። በዚህ ላይ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፣ ከገጠር የሚመላለሰው ዘመድ የመኪና ሒሳብ፣ ቤት የቀሩት ልጆች፣ የተዘጋው የጉሊት ንግድ፣ ያልተለቀመው ጫት ወይም ያልታረሰው የማሽላ ማሳ ይጨመራል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይታይም። መንግሥት «ነፃ ነው» ሲል፣ ቤተሰቡ «ፍየሏን ሸጥን» ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ገንዘቡ ሲያልቅ የሚሆነውን በማሞቂያ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባትየው መጥቶ ልጁን ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ሐኪሙ አደጋውን ያስረዳል፤ አባትየው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፤ ፊደል ካልቆጠረም የጣት አሻራውን ያኖራል። በመዝገቡ ላይ «ከሐኪም ምክር ውጭ በራሳቸው ፈቃድ ወጡ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ የሕግ ኃላፊነትን ከተቋሙ ላይ ያነሣ ይሆናል፤ እውነቱን ግን አይገልጸውም። 15 ቀን በብድርና በእቁብ ገንዘብ የቆየ፣ ቤቱ ሌሎች አራት ልጆች ያሉት ሰው ሲፈርም ፈቃድ የሚባለው ነገር ተሟጦ ካለቀ ቆይቷል። የሕክምና ሥነ ምግባር የታካሚን ነፃ ምርጫ ማክበር የመጀመሪያ መርሑ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ከአካባቢያችን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው፤ ሕክምና ማቆምን የሚወስነው ሐኪሙም ቤተሰቡም ሳይሆኑ ኪስ ሲሆን፣ ውሳኔውን በማንም ስም ልናስመዘግበው አይገባም።

ማን ይጠየቃል የሚለውም ጉዳይ አለ። እናትየው ከኦፕሬሽን ክፍል ሳትወጣ ውሳኔው ከአባትየው፣ ከአማት ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር ያልቃል፤ እርሷ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ሆስፒታሎች በአንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ተናጋሪ እናቶች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ከሶማሌ ክልል ሌሊቱን ተጉዛ ለመጣች ሴት «የልጅሽ ሳንባ አልበሰለም» የሚለውን ቃል የሚያስረዳላት ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ የተገኘ የሌላ ታካሚ አስታማሚ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች በደግነት የሚያደርጉት ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሕይወትና ሞት የሚሰጥ ማብራሪያ በዚህ መንገድ ሲተላለፍ ምን ያህሉ እንደደረሰ የሚያረጋግጥ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለሥራው የተመደበና የሠለጠነ ሰው ነው፤ ወጪውም የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንድ የሲፓፕ መሣሪያ አለ እንበል፤ በእርሱ ላይ የ27 ሳምንት፣ 800 ግራም የሚመዝን ሕፃን ከትናንት ጀምሮ አለ። ሌሊት በ33 ሳምንቱ የተወለደ፣ 1,700 ግራም የሚመዝን ሕፃን ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ይመጣል። ሁለተኛው ለጥቂት ቀናት ብቻ መሣሪያውን ቢያገኝ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በድሃ አገሮች ከ28 ሳምንት በፊት ከሚወለዱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሞቱ፣ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ከመጀመሪያው ላይ አንሥቶ ለሁለተኛው መስጠት ይገባል? በቀዳሚነት የመጣ ይቅደም የሚለው ደንብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ለከተማ መቅረብና የመኪና ገንዘብ ማግኘት ነው። የመትረፍ ዕድልን ብቻ መለኪያ ማድረግም የራሱ አደጋ አለው፤ በአገራችን የእርግዝናው ዕድሜ በአብዛኛው የሚገመተው የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን በማስታወስ ስለሆነ፣ በ27 እና በ30 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የስሌት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ በክብደት ብቻ ከፈረደ ደግሞ እናቱ በምግብ እጥረት ስለተጎዳች የቀጨጨውን የ32 ሳምንት ሕፃን ተስፋ የለውም ሊለው ይችላል።

ይህን ጥያቄ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻውን ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም እንዲመልሰው መተው ለሐኪሙም በደል ነው። በየሆስፒታሉ የሕፃናት ሐኪሞች፣ አዋላጆች፣ ነርሶችና የኅብረተሰቡ ተወካዮች አስቀድመው ተነጋግረው የተስማሙበት የተጻፈ መመሪያ ሊኖር ይገባል። መመሪያው የትኞቹ መመዘኛዎች እንደሚታዩ (የእርግዝና ዕድሜ፣ ክብደት፣ ሕፃኑ ለሕክምናው የሰጠው ምላሽ)፣ የትኞቹ ፈጽሞ እንደማይታዩ (ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የወላጅ ገንዘብና ዝምድና)፣ መሣሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወረው በስንት ባለሙያ ስምምነት እንደሆነ ይወስን። የተጻፈ መመሪያ ሐዘንን አያስቀርም፤ ነገር ግን ስልክ የደወለ ባለሥልጣን ዘመድ እንዳይቀድም ያደርጋል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ነው።

በሌላ ወገን የሚቀርብ፣ በቀላሉ የማይታለፍ ክርክር አለ። ለአንድ ማሞቂያ ክፍል የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት፣ ለንጹሕ ውሃ ወይም ለእርግዝና ክትትል ቢውል የበለጠ ነፍስ ያድናል የሚል ነው። ሰርፋክታንትና የመተንፈሻ ቬንትሌተር ከሆነ የተነሣው፣ ክርክሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሠረታዊው እንክብካቤ ባልተሟላበት ቦታ ውዱን መሣሪያ ማስቀደም ተገቢ አይደለም። ለመሠረታዊው እንክብካቤ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እርሱ ራሱ ከርካሾቹ ወገን ነው። ያለጊዜዋ ልትወልድ ላለች እናት የሚሰጠውን፣ የሕፃኑን ሳንባ የሚያበስለውን መርፌ፣ ዴክሳሜታዞንን እንውሰድ። በየ12 ሰዓቱ 6 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው 4 መርፌ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ5 አገሮች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው ጥናት መርፌው ከተሰጣቸው 25 እናቶች የአንዷ ሕፃን ከሞት እንደሚተርፍ አሳይቷል። ነገር ግን ከዚያ ቀደም በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት፣ መርፌው የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል በማይታወቅበትና ለሕፃኑ እንክብካቤ በሌለበት ቦታ በስፋት ሲሰጥ ሞት እንደጨመረ አሳይቶ ነበር። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው፤ የእርግዝና ክትትሉ፣ መርፌውና ማሞቂያ ክፍሉ አንዱ ለሌላው ተፎካካሪ በጀት ተደርገው ሊታዩ አይገባም፤ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ከጥቅም ይልቅ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ተርፎ አካል ጉዳተኛ ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት በወላጆችም በባለሙያዎችም ዘንድ አለ። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለ ልክ የተሰጠ ኦክስጅን ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ዐይነ ስውር አድርጓል፤ በ1950 ያለጊዜው ተወልዶ ዐይኑን ያጣው ድምፃዊ ስቲቪ ወንደር የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ዛሬም ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያና በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ኦክሲሜትር በሌለበት ንጹሕ ኦክስጅን ለቀናት ሲሰጥ አደጋው ያው ነው፤ ሕፃኑም ከተወለደ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ በዐይን ሐኪም ሊታይ ይገባል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሕክምና ስለተሰጠ ብቻ ሳይሆን ሕክምናው በጎደሎ ስለተሰጠ ነው። ሙቀት፣ ወተትና የተመጠነ ኦክስጅን ካገኙ ከ32 ሳምንት በኋላ የሚወለዱት አብዛኞቹ ጤናማ ሆነው ያድጋሉ። ጉዳት የደረሰበትን ልጅ በተመለከተ ደግሞ፣ ማኅበረሰቡ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ያዘጋጀው ነገር አለመኖሩ ሕፃኑ እንዳይታከም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የማይተርፉትም አሉ፤ ለእነርሱም የምንሰጠው አለን። በ25 ሳምንቱ ተወልዶ እያቃሰተ ያለውን ሕፃን በየሰዓቱ በመርፌ መውጋት ከሕክምና ይልቅ ወላጅንና ራስን ማጽናኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ መሞቅ፣ ሥቃዩ መታገስና በእናቱ እቅፍ መሆን ይገባዋል፤ ለወላጆቹም እውነቱ ሳይሸፋፈን ሊነገራቸው ይገባል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና የሚያነሣ ቢሆንም፣ ለሞት የተቃረበ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ይችላል፤ የሙስሊም ቤተሰብ በጆሮው አዛን ሊያሰማው፣ ሰባተኛውን ቀን ሳይጠብቅ ስም ሊያወጣለት ይፈልጋል። ለዚህ በር መክፈት ምንም ወጪ የለውም። ተረኛው ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ካላሰበ ግን ቄሱም ሼኹም ከበር ይመለሳሉ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረን ሕፃን ለመኖር የሚችል ሆኖ እንደተወለደ ሲቆጥር፣ ከዚያ በፊት የሞተውን ደግሞ ሞቱ ከተፈጥሮው ጉድለት በሌላ ምክንያት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ለመኖር እንደማይችል ይቆጥረዋል። ድንጋጌው የታሰበው ለውርስና ለመሰል ጉዳዮች እንጂ ለሕክምና አይደለም፤ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሞተውን ሕፃን ያልነበረ አድርጎ የማየት ልማድ በሕጉም በኑሯችንም ውስጥ መኖሩን ያሳያል። ስም ሳይወጣለት፣ ሳይመዘገብ የሚቀበር ሕፃን በጤና ሪፖርት ውስጥም አይገባም፤ ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አይጠየቅለትም። በዚህ ረገድ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ ጋር በሐረርና በቀርሳ የሚያካሂደው የሕፃናት ሞት ምክንያት ክትትል፣ በወላጆች ፈቃድ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ ሕፃኑን ምን እንደገደለው ለይቶ ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ በመሆኑ፣ አካባቢያችን ለሌላው የሚተርፍ ዕውቀት የሚያመነጭበት ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ወጪውን ከቤተሰቡ ትከሻ ላይ እንዴት እናውርድ የሚለው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቤተሰብን ከብዙ ነገር ይጠብቃል፤ የእናትየውን ምግብና የመኪናውን ሒሳብ ግን አይከፍልም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ በ30 ሳምንቷ የወለደች ሴት ከዚህ ፈቃድ ከአንድ ወር በላይ የሚሆነውን በሆስፒታል ልትጨርሰው ትችላለች፤ አባትየውም ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ ይተርፍ አይተርፍ ሳያውቅ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የወላጆች ፈቃድ የእነዚህን ሕፃናት ልዩ ፍላጎት እንዲያገናዝብ መክሯል፤ ፈቃዱ ከተወለደበት ቀን ሳይሆን ሕፃኑ ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ቢቆጠር አሠሪዎች የሚሸከሙት ተጨማሪ ወጪ፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች በዓመት ጥቂት ስለሆኑ፣ ከባድ አይሆንም። ፈቃድ የሚባል ነገር ለማታውቀው ለድሬዳዋ ቀፊራ ገበያዋ ነጋዴና ለቀርሳዋ ገበሬ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ልጇ ማሞቂያ ክፍል እስካለ ድረስ እናትየው ራሷ እንደተኛች ታካሚ ተመዝግባ አልጋና በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ታግኝ፤ «ከውጭ ግዙ» የሚባለው የጨቅላ ሕፃን መድኃኒትም በሆስፒታሉ በጀት ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ ለመውጣት የሚፈርም ወላጅ ቢኖር፣ ፊርማው የእርሱ ውሳኔ ነው ለማለት እንችላለን።